ሮስኮ ክር ሲቀያይር የከረመበት ጸደይ

ሮስኮ ቲልማን ዓሣ እንቢ ሲለው ሰበብ የሚፈልግ ሰው አልነበረም። ውሃው ቀዘቀዘ፣ ነፋሱ ዞረ፣ ጨረቃዋ ሞላች እያሉ የሚያማርሩትን ሰዎች "እናንተ የምታጠምዱት ዓሣ ሳይሆን ምክንያት ነው" ይላቸው ነበር። ስለዚህ በዚያ ጸደይ፣ በዩፋላ ሐይቅ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ባስ የሚባለውን ዓሣ በሚያወጣበት ወራት፣ እሱ ባዶ እጁን እየተመለሰ "ክሩ ነው" ማለት ሲጀምር እህቱ ኦዜላ ጆሮዋን አቆመች።

ሁለቱም ስልሳ አምስትን ተሻግረዋል። እሷ ባሏ ከሞተ፣ እሱ ደግሞ ከወረቀት ፋብሪካው ጡረታ ከወጣ ወዲህ በአባታቸው ቤት አብረው ይኖራሉ። ኦዜላ የገጠር ፖስታ በማደል ያረጀች ሴት ናት። በዚያ ሁሉ ዘመን በየደጃፉ ያየችው ነገር ለምን እንደዚያ እንደሆነ ሳታውቅ አልፋ አታውቅም። አንድ ሰው የፖስታ ሳጥኑን ከመንገዱ ወዲህ ነቅሎ ወዲያ ከተከለ፣ የተከለበትን ምክንያት እስክታገኝ ድረስ እንቅልፍ የላትም። ሮስኮ "አንቺማ ገነት በር ላይ ስትደርሺ የሚመረመረው ቅዱስ ጴጥሮስ ነው" ይላታል። እሷም አትቀየምም፤ እውነቱን ነዋ።

ሁልጊዜ እሱ ከጀልባዋ ፊት፣ እሷ ከኋላ ነው የሚቀመጡት። ዘንጎቻቸው አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከዘንጉ ሥር የሚንጠለጠል ትንሽ ማጠንጠኛ፣ እሱ ላይ የተጠቀለለ ስስ ናይለን፣ በናይለኑ ጫፍ መንጠቆ የተሰካበት የፕላስቲክ ትል። ክሩን የመረጠው ሮስኮ ነው፤ ከወጣትነቱ ጀምሮም ሌላ ክር ነክቶ አያውቅም። ያን ጠዋት ሐይቁ ውስጥ ቆመው ከቀሩት የደረቁ ዛፎች አጠገብ ደርሰው ኦዜላ አንድ ባስ አወጣች። ትንሽ ቆይታ ደገመች። ሮስኮ ዞር ብሎ አያት።

"ጥሩ ጥሩውን ቦታ አንቺ ያዝሽው" አላት።

"ጀልባዋን የምትነዳው አንተ ነህ።"

"ቦታ እንቀያየር።"

ተቀያየሩ። አሁንም ያወጣችው ኦዜላ ናት። ሮስኮ ጉሮሮውን ጠረገና "ዘንጉ ነው እንግዲህ" አለ። ዘንግ ተለዋወጡ። ገና የእሱን ዘንግ ከመያዟ፣ ትሉ ወደ ታች ሲሰምጥ፣ ሌባ ጣቷ ላይ አንድ ነገር ቲክ አለ፤ ሳብ አደረገችና ሌላ ባስ ወጣ። ከዚያ በኋላ ወንድሟ እስከ ምሳ ድረስ ደጋግሞ ወረወረ፤ ምንም አልያዘም። ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ከቤዝቦል ባርኔጣው ጥላ ሥር ሆኖ "ክሩ ነው። እንደ ድሮው አይሠሩትም" አለ።

ኦዜላ ግን አልተዋጠላትም። በዚያው ክር እኮ ነው ያወጣችው።

የሃርላን ሱቅ ከድልድዩ ማዶ ነው። ግማሹ የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ይሸጥበታል፣ ግማሹ የተቀቀለ ኦቾሎኒና ቀዝቃዛ መጠጥ። ሃርላን ሱቁን ከእናቱ የተረከበ፣ አርባዎቹ ውስጥ ያለ ረዥም ቀጭን ሰው ነው። ሮስኮ ሌላ ክር እንደሚፈልግ ሲነግረው የያዘውን ማንኪያ ኦቾሎኒው ላይ አስቀመጠው።

"እርስዎ? ክር ሊቀይሩ?" አለው። "ሚስተር ሮስኮ፣ እናቴ ይሄን ሱቅ ስትከፍት የገዙትን አይደል እንዴ እስከዛሬ የሚገዙት?"

"ጊዜው ተቀየረ።"

"እሱማ ለእኛ ነው የተቀየረው። እርስዎን የነካዎት አይመስለኝም ነበር።"

"ክር ነው የምትሸጥልኝ ወይስ ወሬ?"

ሃርላን እየሳቀ ሦስት ጥቅሎች ከመደርደሪያው አወረደ። አንዱን አነሣ። "ይሄ የለመዱት ናይለን ነው። ለስላሳ ነው፣ በእንዲህ ያለ ማጠንጠኛ ላይ ያለ ችግር ይጠቀለላል፤ ግን ይለጠጣል። ዓሣው እዚያ ማዶ ሲነካው መልእክቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል።"

"እንደ አንቺ ፖስታ" አላት ሮስኮ ወደ እህቱ ዘንበል ብሎ።

"የእኔ ፖስታ ቀርቶ አያውቅም። ቀጥል፣ ሃርላን።"

"ይሄኛውን ፍሎሮ ይሉታል፣ ሚስ ኦዜላ። ውሃ ውስጥ ሲገባ ለዓይን የለም። ይሰምጣል፤ ሲነካም ከናይለኑ ይልቅ ቶሎ ይናገራል። ግን ግትር ነው። ወፈር ያለውን እንዲህ ያለ ትንሽ ማጠንጠኛ ላይ የጠቀለለ ሰው እግዜር ይሁነው፤ እንደ ሞላ እየተፈናጠረ ነው የሚወጣው።"

"ሦስተኛውስ?"

"ጉንጉን ክር ነው። ስስ ስስ ክሮችን እንደ ሹሩባ ጎንጉነው ነው የሚሠሩት። ይሄ ፈጽሞ አይለጠጥም፤ ዓሣ አጠገቡ ቢያልፍ ይነግርዎታል። ሰው የሚፈራው ዓሣውም ያየዋል ብሎ ነው። ለዚያ ደግሞ ጫፉ ላይ ከፍሎሮው አንድ ሁለት ክንድ ይቀጥሉበታል።"

ሮስኮ ባርኔጣውን አወለቀና ራሰ በራውን ዳበሰ። "ሹሩባ ለእኔ?" አለ። "ጊዜው አልፏል።"

ፍሎሮውን ወሰደ፤ ያውም ወፍራሙን። ሃርላን ቀጭኑ ይሻላል ቢለው "ሸረሪት አይደለሁም" ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ሐይቁ ላይ የሆነው ሃርላን እንዳለው ነው። ሮስኮ ገና አንዴ ሲወረውር ክሩ ከማጠንጠኛው ላይ በቀለበት በቀለበት እየዘለለ ወጥቶ የዘንጉ አንገት ላይ ተተበተበ። ሲፈታው ሌላ ቦታ ይቋጠራል፤ ያንን ሲፈታ ደግሞ ጀልባዋ ውስጥ ያለው ይጠቀለልና እግሩን ያስረዋል። ኦዜላ ፊቷን ወደ ማዶ አዙራ ሳቀች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን አያት።

"ሳቂ፣ ሳቂ። ዓሣው ሲሰማሽ ይሄዳል።"

"ዓሣውም እየሳቀ ነው።"

ያን ቀን ከሰዓት ኦዜላ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ አጽድታ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀዳች። ባንዱ ናይለን፣ ባንዱ ፍሎሮ ነከረች። ብርጭቆዎቹን ወደ መስኮቱ አስጠግታ፣ አጎንብሳ፣ አንዴ ካንዱ ወገን አንዴ ከሌላው ስታይ ቆየች። እውነትም ናይለኑ ይታያል፣ ፍሎሮው ግን ከውሃው በታች የተቆረጠ ያህል ይጠፋል። ይሄን ያህል ካየች በኋላ ማን ያቆማታል። ግትር ክር ሞቅ ባለ ውሃ ሲነከር እንደሚለዝብ ከሃርላን ጠይቃ አወቀች። ማጠንጠኛው ሲሽከረከርና ክሩ ከጥቅሉ ሲወጣ አቅጣጫቸው ካልገጠመ ክሩ እንደሚጠማዘዝም እሷው እያጠነጠነች ደረሰችበት። ቀጭኑን ፍሎሮ ገዛች፣ ነከረች፣ በቀጥታው ጠቀለለችና ለወንድሟ አስረከበችው።

"አሁንስ?" አለችው።

"አሁን እናያለን" አለ።

ያዩት ግን ያንኑ ነው። ክሩ እንደ ቅቤ ሆኖ ወጣ፣ ሮስኮም እንደ ወትሮው ልብ በሚያረካ አወራወር ትሉን ከዛፉ ግንድ ሥር ጣል አደረገው። ከዚያ ምንም የለም። ኦዜላ የራሷን ዘንግ ጭኗ ላይ አጋድማ የእሱን ክር ትመለከት ጀመር። ፀሐይ ከጎን ስለነበረች ፍሎሮው ከውሃው በላይ ያለበት ድረስ እንደ ሐር ያበራል። ድንገት ወደ ታች ረገብ አለ። ቀጥሎ ወደ ግራ፣ ሰው እጅ ይዞ እንደሚመራው ሁሉ፣ ቀስ እያለ ሄደ። ዓሣ ነው። ሮስኮ ሌባ ጣቱን ክሩ ላይ አሳርፎ፣ በማዶ የሚበሩትን ሽመላዎች እያየ ተቀምጧል። ክሩ ቆመ። ላላ። ዓሣው ተፍቶት ሄደ።

"የነካህ ነገር አለ?" አለችው ቀስ ብላ።

"ምንም። ሐይቁ ዛሬ ሞቷል።"

እየዋሸ እንዳልሆነ ፊቱ ላይ አየች። ከዚያ በኋላ ያ ነገር አልለቅ አላት። ዓይኑ ይሆን? ሽመላዎቹን ከዚያ ማዶ ቆጥሯቸዋል። እርጅና ነው እንዳትል ጀልባዋን በዚያ ጠባብ መተላለፊያ እንደ ጎረምሳ ነው የሚያሾልካት። ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አላት። ባለፈው ሳምንት ቋሊማ ሲጠብስ የብረት መጥበሻውን እጀታ በባዶ እጁ ይዞ፣ ምንም ሳይመስለው ወደ ጠረጴዛው አምጥቶት ነበር። ማታ ጣቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር አይታ ስትጠይቀው "ምን እንደሆነ እንጃ" ብሏታል።

ቅዳሜ ጠዋት ሮስኮ ቡናውን ጠጥቶ ሲጨርስ ኦዜላ ሦስቱ ክሮች የተጠቀለሉባቸውን ዘንጎች ይዛ ከቤት ወጣች። ጓሮ ካለው የፔካን ዛፍ እስከ አጥሩ ድረስ ሰፊ ሣር አለ።

"ና እስቲ" አለችው፣ "ከሦስቱ የትኛው ቶሎ እንደሚናገር ማወቅ እፈልጋለሁ። አንተ ዘንጉን ያዝ፣ እኔ ጫፉን ይዤ አጥሩ ድረስ እሄዳለሁ። ዓይንህን ጨፍን። ስነካው 'አሁን' በለኝ።"

"ጎረቤት ቢያየን ምን ይላል?"

"ቲልማኖች ሣር ላይ ዓሣ እያጠመዱ ነው ይላላ።"

እሱም ነገሩ አስቆት የእንጨት ወንበር አምጥቶ ዛፉ ሥር ተቀመጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጣቱን ናይለኑ ላይ አሳረፈ። ኦዜላ ክሩን እየጎተተች ሄዳ አጥሩ ጋ ቆመች። ክሩን ወጠር አድርጋ በጥፍሯ ነካችው። ከወንበሩ ድምፅ የለም። ደገመችው። አሁንም የለም። በሁለት ጣቷ ይዛ ሳብ ለቀቅ አደረገችው፤ ደህና ባስ የሚነካውን ያህል።

"ጀምሪ እንጂ፣ ቡናዬ በረደ" አለ ሮስኮ ዓይኑን እንደጨፈነ።

ኦዜላ ያን ጊዜ ገባት። መልሱን አገኘች፤ ያገኘችው መልስ ግን ደስ አላላትም። እዚያው ክሩን ጥላ፣ "ተወው፣ ክሩ ተበጠሰ" ብላ ነገሩን ልትደፍነው ትችል ነበር። ግን ደግሞ ፍሎሮው ላይስ? ጉንጉኑስ? ይሰማው ይሆን? ይህን ማወቅ መፈለጓን ጠላችው፤ ፍላጎቷ ግን በለጣት። ዘንጎቹን ቀያየረች። በፍሎሮው ጠንከር አድርጋ ስትስብ "አሁን... ነው?" አለ እየተጠራጠረ። ከሃርላን ለሙከራ በተዋሰችው ጉንጉን ክር ላይ ስትነካ ግን "አሁን!" አለ፤ በቀስታ ስትነካው ደግሞ ዝም አለ። ከዚያ "አንቺስ እስቲ ተቀመጪ" አለና ተነሣ።

ተቀመጠች። ዓይኗን ጨፈነች። ከአጥሩ ጫፍ ምን እንደሚያደርግ አታይም፤ ጣቷ ላይ ግን ናይለኑ ራሱ እያንዳንዷን ነገር ያመጣላታል፤ የጥፍሩን ጭረት፣ ነፋሱን፣ የእጁን ጠበቅ ላላ ማለት ሳይቀር። "አሁን" ትላለች። "አሁን። አሁን።" መዋሸት አላወቀችበትም።

ክሩ መነካቱን ሲያቆምባት ዓይኗን ገለጠች። ሮስኮ አጥሩን ተደግፎ ሣሩን ያያል።

"መቼ ነው የጀመርሽው?" አላት። "እኔ ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ በመጀመሪያው።"

"እንደቆምኩ።"

"ብዙ ነካሽው?"

"ነካሁት።"

ቀስ ብሎ መጣና ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ጣቶቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ቆየ። "ከገና ወዲህ ነው" አለ በመጨረሻ። "ጓንት ያጠለቅሁ ይመስለኛል። እግሬማ ከጀመረው ቆይቷል፤ አንዳንዴ ጫማዬን አድርጌ እንደሁ አላውቅም፣ አጎንብሼ ነው የማየው።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ትጠይቂኛለሻ።"

"አዎ እጠይቅሃለሁ።"

"ከዚያ ወደ ሐኪም ትወስጂኛለሽ። ሐኪሙ ደግሞ ስኳር ነው ይላል። አባባን አየሽው አይደል? መጀመሪያ ጣቱን፣ ከዚያ እግሩን ቆረጡት። ወንበር ላይ ተቀምጦ እዚህች መስኮት ጋ የቀረውን ዘመን ጨረሰ።" ድምፁ አልተሰበረም፤ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስላል። "እኔ ክሩ ነው ብዬ ነበር ኦዜላ። ዋሸህ እንዳትዪኝ። እውነቴን ነበር። ጣቴ መደንዘዙን አውቃለሁ፤ ዓሣው እየነካኝ እንደሆነ ግን አላወቅሁም። የማይነካኝ ነበር የመሰለኝ።"

ይህን ብሎ ተነሥቶ ቤት ገባ። ያን ቀንና የሚቀጥለውን እሁድ እንደ እንግዳ ሰው ሆኖ ዋለ፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እንኳ ከመኪናው መስኮት ውጭ ያይ ነበር። ኦዜላም አልነካችውም። ሰው ሲጠየቅ የሚዘጋበትን ሰዓት ፖስታ ስታድል ተምራዋለች።

ሰኞ ብቻዋን ወደ ሃርላን ሄደች።

"ውሃ ውስጥ ለዓሣው የማይታየውን አይደለም የምፈልገው" አለችው። "ለሰው የሚታየውን ነው። ከሁሉ ይበልጥ የሚታየውን ስጠኝ።"

ሃርላን ራሱን አከከ። "ሚስ ኦዜላ፣ እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ የማይታየውን ነው" አላት፤ ቢሆንም ወደ ጓዳ ገብቶ ቢጫ ጉንጉን ክር ይዞ መጣ። የቢጫ ቢጫ ነው፤ የመንገድ ሠራተኛ ሰደሪያ ይመስላል። "ይሄን በደመና ቀን እንኳ ከማዶ ያዩታል። የሚነካቸው ሳይሰማቸው ክሩን በማየት ብቻ የሚያጠምዱ አውቃለሁ። ትሉ ሲሰምጥ ክሩን ትንሽ ላላ አድርገው ይተውታል፤ ዓሣው ሲያነሣው ክሩ ዘለል ይላል፣ ወይም ወደ ጎን ይሄዳል፣ ወይም መሬት ሳይደርስ ይቆማል። ያኔ መሳብ ነው።" ቀና ብሎ አያት። "ለሚስተር ሮስኮ ነው?"

"ለእኔ ነው" አለችው። ሃርላንም የሰማውን እንዳልሰማ ሆኖ ጠቀለለላት።

ቤት ስትደርስ ዘንጉን ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። ሮስኮ ቢጫውን አይቶ ከወንበሩ ሊነሣ ቃጣው።

"ምንድነው ይሄ፣ የሠርግ ጌጥ?"

"ያንተ ክር ነው። ጣትህ ባይሰማ ዓይንህ ያየዋል። ዓሣው እንዳያየው ጫፉ ላይ ፍሎሮ ቀጥዬበታለሁ። ግን መጀመሪያ ክሊኒክ፣ ከዚያ ሐይቅ።"

"በክር ነው እንግዲህ ጉቦ የምትሰጪኝ።"

"በክር ነው።"

ሮስኮ ክሩን በሁለት ጣቱ ያዘና አሸው፤ እንደማይሰማው ሲያስታውስ ወደ ዓይኑ አቀረበው። ለብዙ ጊዜ ሲያየው ቆየ። "ሐኪም ቤት ገብተሽ እንዳትጠይቂ ግን" አለ።

ኦዜላ ቃል ገባች። የገባችውም ከልቧ ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ ሬኒታ የምትባል ወጣት ነርስ ደሙን ወሰደችና ጫማና ካልሲውን እንዲያወልቅ ነገረችው። ከዚያ ከመሳቢያ አንዲት ትንሽ እጀታ አወጣች። ከእጀታዋ ጫፍ አንዲት አጭር ጠጉር የምታክል ነገር ቀጥ ብላ ቆማለች።

"ሚስተር ቲልማን፣ ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ። እግርዎን በዚህች ስነካዎት 'አሁን' ይበሉ" አለችው።

ሮስኮ ዓይኑን ከመጨፈኑ በፊት ወደ እህቱ ዞረ። ኦዜላ አፏን በእጇ ይዛለች። ነርሷ ጠጉሯን ከውስጥ እግሩ ላይ አሳረፈች፤ ትንሽ ጎበጥ እስክትል ተጫነችና አነሣች። "አሁን" አለ ተረከዙ ላይ። ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ "አሁን" አለ። አውራ ጣቱ ላይ ዝም። ከጣቶቹ ሥር ዝም።

ነርሷ የመጨረሻዋን ጣት ነክታ ስትጨርስ ኦዜላ ቃሏን መጠበቅ አልቻለችም። "ልጄ፣ ያቺ ነገር ምንድን ናት?" አለች።

"ናይለን ናት። ስትጫን የምትጎብጥበት ክብደት ሁሌ አንድ ነው። ያን ያህል ክብደት የማይሰማው እግር ሲቆስልም አይሰማውም፤ በእሷ ነው የምናውቀው።"

"የዓሣ ማጥመጃ ናይለን?"

ነርሷ እጀታዋን አገላብጣ አየቻት፤ እስከዛሬ አይታት የማታውቅ ይመስል። "እሱን እንኳ አስቤው አላውቅም" አለች።

"ሳትበጠስ ስንት ፓውንድ ትችላለች?"

"ኦዜላ" አለ ሮስኮ። ዓይኑን ገልጦ እጁን ዘረጋና ነርሷ እጀታዋን ሰጠችው። ወደ መብራቱ አቀረባት። "ሠላሳ ትችላለች" አለ። "ለዚህ ሐይቅ ትወፍራለች። ባስ ሲያያት ይሸሻል።" ከዚያ ሳቀ፤ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር፤ ነርሷም ምን እንዳሳቀው ባታውቅም ሳቀች።

ሐኪሙም ሮስኮ እንደፈራው ስኳር ነው አለ፤ ያውም የቆየ። መድኃኒት ጻፈለት፣ ምግቡን አስተካከለለት፣ በየማታው እግሩን በመስተዋት እያየ ቁስል እንዲፈልግ አዘዘው። የደነዘዘው ተመልሶ ሊሰማው ይችል እንደሁ ሲጠየቅ ግን "ትንሽ ሊሻል ይችላል፤ እንዳይብስ ማድረግ ነው ዋናው" አለ። የጠየቀው ሮስኮ ራሱ ነው።

ሐይቁ ላይ ቢጫው ክር በመጀመሪያው ቀን አሾፈበት። ነፋስ ነበር። ክሩ ቀላል ስለሆነ ነፋሱ እንደ ቀስት እያጎበጠ ይወስደዋል፤ ሮስኮም ዘለል ባለ ቁጥር ዘንጉን እየነጠቀ ባዶ ትል ያወጣል።

"ነፋስ ነው ያጠመድከው" አለችው ኦዜላ። "ትልቅ ነው?"

"ዝም በይ። ትኩረቴን ወሰድሽው።"

አንዴ ፍሎሮው የተቀጠለበት ቦታ ተበጠሰበት። ክርን ከክር መቋጠር ከልጅነቱ ጀምሮ ሳያይ የሚሠራው ነገር ነበር፤ አሁን ግን ሁለቱ ጫፎች ከጣቶቹ መሐል እየሾለኩ ይጠፉበታል። ኦዜላ እጇን ዘረጋች። አልሰጣትም። በጥርሱ አንዱን ጫፍ ነክሶ፣ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ፣ ክሩን እያየ እያየ ደጋገመ። እሷ ሦስት ጊዜ ወርውራ እስክትሰበስብ ፈጀበት፤ የቋጠረው ቋጠሮ ግን ወፍራምና አስቀያሚ ሆነ። በዘንጉ ቀለበቶች ሲያልፍ ይንቋቋል።

"እኔ ብሠራው—"

"የእኔ ነው" አላት። አልነካችውም።

በሌላ ቀን፣ ሐይቁ እንደ መስተዋት ጸጥ ባለበት ማለዳ፣ ትሉን ከውሃ አበባዎቹ ጠርዝ ላይ ጣለው። ቢጫው ክር ውሃው ላይ ተኛ፤ ወደ ውስጥ የሚገባባትን ነጥብ ሁለቱም ያዩዋታል። ኦዜላ መጀመሪያ አየችው። ክሩ ቅንጣት ያህል ዘለለ። ለመናገር ከንፈሯን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ክሩ ወደ ቀኝ መሄድ ጀመረ፤ ቀስ እያለ፣ ማንም እንዳያውቅበት። ሮስኮ ማጠንጠኛውን አንዴ አዞረና ዘንጉን ወደ ላይ መታው።

ዘንጉ ጎበጠ። ባሱ ከውሃው ወጥቶ ራሱን አራግፎ ተመልሶ ሲገባ ውሃውን ጀልባዋ ድረስ ረጨው። ይህንንማ ሮስኮ ያውቀዋል። ክንዱ ላይ፣ ትከሻው ላይ፣ ደረቱ ላይ ይሰማዋል፤ ለዚህ የጣት ጫፍ አያስፈልግም። አስቀያሚው ቋጠሮ ቀለበቶቹን እያንቋቋ ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ፤ አልተፈታም። ባሱን ከንፈሩን ይዞ ሲያነሣው ግዙፍ አልነበረም፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳያየው ነበር የሚመልሰው። አሁን ግን ግራ ቀኙን እያገላበጠ፣ ጎኑ ላይ ያለውን ጥቁር መስመር እያየ ቆየ፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ውሃው ውስጥ ለቀቀው።

"አየሽው?" አላት።

"ካንተ በፊት ነው ያየሁት።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"ታይ እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው።"

ሮስኮ ራሱን እየነቀነቀ ሳቀ። አዲስ ትል ሰክቶ ወረወረ። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ነው፤ ከሃርላን ሱቅ ካመጡት ቡኒ ከረጢት የተቀቀለ ኦቾሎኒ እያወጡ ልጣጩን ጀልባዋ ውስጥ ይጥላሉ። ከዚያ፣ ክሩን እያየ፣ ወደ እሷ ሳይዞር፣ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለ።

ኦዜላ ማኘኳን አቆመች። ወንድሟ መቼ ጠይቋት እንደሚያውቅ ማስታወስ አልቻለችም።

"ሲነካሽ እንዴት ነው? ጣትሽ ላይ። አሁን አሁን እየረሳሁት ነው።"

የራሷን ሌባ ጣት አየች። በሕይወቷ ስንት ነገር ጠይቃ፣ ይህን ግን ራሷን ጠይቃው አታውቅም። "በቃ... በሌላ ክፍል ያለ ሰው ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ ይሰማሃል አይደል? እንደዚያ" አለችው።

"አይ" አለ ሮስኮ ወዲያው። "እሱ ትናንሾቹ ዓሦች ናቸው። ልጆች የሚያጠምዷቸው። ባስ እንደሱ አይደለም።"

"ረሳሁት አላልክም?"

"እስክትሳሳቺ ነው የረሳሁት። አየሽ፣ ባስ መጀመሪያ ምንም ነገር አይነግርሽም። ትሉ ክብደት አለው አይደል፣ ሲሰምጥ ትንሽ ይስብሻል። ባስ ሲመጣ ያ ክብደት ይጠፋል። የት እንደገባ አታውቂም። ባዶ ነገር የያዝሽ ይመስልሻል። ከዚያ በኋላ ነው ቲክ የሚለው፤ ያኔ አንዳንዴ መሽቶብሻል።"

"ክብደቱ ይጠፋል?"

"ይጠፋል።"

"በዚህ ሁሉ ዘመን አስተውዬው አላውቅም።"

"አንቺ የምትጠብቂው ቲኩን ስለሆነ ነው።"

ኦዜላ እጇን ሱሪዋ ላይ ጠርጋ ዘንጓን አነሣች። የእሷ አሁንም ያው አሮጌው ናይለን ነው። ትሉን ከደረቀው ግንድ ወዲያ ወረወረችና ማጠንጠኛውን ዘግታ ሌባ ጣቷን ክሩ ላይ አሳረፈች። ትሉ ሲሰምጥ ያን ትንሽ ስበት ፈለገችው፤ አገኘችውም።

"ቆይ እስቲ" አለችው፣ ዓይኗን ጨፍና። "አታናግረኝ።"